የቀፎ ቀለም ለምን ይላጣል? ችግርና መፍትሄ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ላይ የሚላክልኝ ፎቶ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ቢጫ ዘይት ቀለም የተቀባ ዛንደር የንብ ቀፎ (ሳጥን በሳጥን ላይ የሚደራረበው ዘመናዊ የጣውላ ቀፎ)፣ ጎኑ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ፣ ማዕዘኑ ጋ ቀለሙ ተገሽልጦ። ከስሩ "ቀለሙ ፎርጅድ ነው አይደል?" የሚል አለ። አንዳንዴ አዎ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ምንም አላጠፋም።

ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ ሲላጥ

ጥፋተኛው ውሃ ነው፣ ግን ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ ከውስጥ የሚመጣውም አለ። ንብ ከአበባ ቀድታ የምታመጣው ኔክታር አብዛኛው ውሃ ነው፣ ማር እስኪሆን በክንፏ እያራገበች ውሃውን ከ20 በመቶ በታች ታወርደዋለች፣ ያ እንፋሎት የተወሰነው በበሩ ይወጣል የቀረው ጣውላው ውስጥ ይገባል። አንተ ከውጭ በዘይት ቀለም ድፍን አድርገህ ከዘጋኸው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ይነሳል። ጣውላው ሲጀመርም እርጥብ ከነበረማ በቃ አለቀ። አባቶቻችን ባህላዊውን ቀፎ እበት የሚለቀልቁት ዝም ብለው አይደለም፣ እበት ይተነፍሳል።

ለማረጋገጥ ያበጠውን በምስማር ብጣው። ከስሩ እንጨቱ ጠቁሮ ጣትህን ካረጠበው ከውስጥ የመጣ ነው። ደረቅና አቧራማ ከሆነ ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈትግ ነው የቀባው።

አንድ ጊዜ ልጆች ተደራጅተው 20 ቀፎ ያሰሩበት ቦታ ሄድኩ። አናፂው ባህር ዛፉን በቆረጠ በወሩ ሰንጥቆ መትቶታል፣ ማዕዘኑ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት፣ ያንን ለመሸፈን ውስጡንም ውጭውንም ዘይት ቀለም አልብሶታል። ነሐሴ ላይ ክዳኑን ሳነሳ ከክዳኑ ስር ውሃ እንደ ድስት ክዳን፣ ንቧ ማሯን የምትሰራበት የእንጨት ፍሬም ላይ ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ሻግቷል፣ ስድስቱ ባዶ ናቸው። "ጋሼ ንቡ የቀለም ሽታ ጠልቶ ነው የሄደው" አሉኝ። የምን ሽታ፣ ከተቀባ አምስት ወር አልፎታል! በላብ ነው ያባረራችሁት አልኳቸው።

መፍትሄው፦ ንቡን ወደ ሌላ ቀፎ አዛውር፣ የተላጠውን ፋቅ፣ ሳጥኑን ጥላ ስር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቆየው። "ደርቋል" በዓይን አይታወቅም፣ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ በሳምንቱ እንደገና መዝነው፣ ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ደርቋል። ይሄን ስራ ከህዳር ማር ቆረጣ በኋላ በበጋው ስራው፣ ሰኔ ላይ ቀለም ይዘህ አትምጣብኝ።

ከዛ ውጭውን ብቻ ቀባ። ውስጡን በፍፁም፣ ንቧ ራሷ በሙጫዋ ትለስነዋለች። ሁለት ሳጥን የሚገናኙበትን ጠርዝም አትንካ፣ ተጣብቆ በመሮ ነው የምትከፍተው። እኔ ዘይት ቀለም ትቼ የተልባ ዘይትና ሰም ከገባሁ ቆየሁ፦ 1 ሊትር የተልባ ዘይት፣ 50 ግራም ንፁህ ሰም። ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ስለሚቀልጥ ውሃ በፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጠህ አቅልጠው። እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጥ፣ በእሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጥ ብያለሁ። ሞቅ እንዳለ ቀባ፣ ሁለት ዙር፣ የተቆረጠው የጣውላ ጫፍ ግን ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ መምጠጡን እስኪተው ደጋግመው። ዘይቱን ከቀለም ሱቅ የምትገዛ ከሆነ የተፈላ የሚባለውን ግዛ፣ ማድረቂያ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፣ ለምግብ የሚጨመቀው ግን ሳምንታት ይፈጃል። በዓመት በሁለት ዓመት መድገም አለ፣ ግን አይላጥም፣ የሚላጥ ነገር የለውማ።

ዘይቱን የጠረግክበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ አትወርውር!! ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። እኔ መጋዘን ውስጥ በውድቅት ሌሊት ጭስ ሸቶኝ ነው የተማርኩት። ዘርጋውና ሜዳ ላይ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

ተልባ ካላገኘህ የቤት ውጭ ግድግዳ የሚቀባው የውሃ ቀለም ከዘይት ቀለም የተሻለ ይተነፍሳል።

ሌሎች

ከተቀባ በኋላ እንደተጣበቀ ከቀረ፦ የፓልም ዘይት ነው የቀባኸው። እሱ መቼም አይደርቅም፣ ጉንዳን ይጠራልሃል። ፍቀህ እንደገና ጀምር።

ቫርኒሽ ከተሰነጣጠቀ፦ ለቤት ዕቃ የተሰራውን ፀሀይ ላይ አወጣኸው።

ቆላ ላይ ሰሙ ተልፈስፍሶ ማሩ ከፈሰሰ፦ ጥቁር ቡናማ ቀብተሃል፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም አድርግ፣ ጥላም ስራለት።

አዲስ ቀፎ ንብ አልይዝ ካለ፦ የቀለምና የቲነር ሽታ። ክፍት አድርገህ ሶስት አራት ሳምንት አቆየው፣ ከዛ ውስጡን ሰም እሸውና በወይራ አጥነው።

ምስጥ፦ እዚህ ላይ እናደዳለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀፎው ላይ የምትቀቡ ሰዎች፣ ያ ዘይት ብረትና መርዝ ያለበት ነው፣ ሰም ደግሞ ዘይት ነክ ነገር ሁሉ ይስባል፣ ማሩን ማን ይበላዋል? ፀረ ምስጥ ኬሚካልም ያው ነው፣ ምስጥን የሚገድል ንብን አይምርም። ቀፎውን የብረት ማቆሚያ ላይ አውጣው፣ እግሮቹን ጣሳ ውስጥ አቁም፣ ያንን የተቃጠለ ዘይት ጣሳው ውስጥ ጨምረው፣ ንብ እንዳትሰጥምና ዝናብ እንዳይሞላው በላዩ ቆርቆሮ ከድንበት። ሳር ከማቆሚያው ጋር እንዳይነካካ እጨደው፣ አንዲት ሰንበሌጥ ድልድይ ከሆነችላቸው ጣሳው ዋጋ የለውም።