ቀይ ወይን ከመክፈታችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት

ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚለውን ነገር ብዙም አትስሙት። ቤቱ ሞቅ ያለ ከሆነ፣ በተለይ አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ፣ ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ቀይ ወይን ጣዕሙ ደህና የሚወጣው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ከሞቀ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ሽታም ይጠፋል።

የዝዋዩን ቀይ ወይን፣ ሪፍት ቫሊ ሲራህን፣ እስቲ እንዲህ ሞክሩት። ብርጭቆው ላይ ሲሶ ብቻ ቅዱ፣ አሽከርክሩ፣ አሽትቱ፣ ከዚያ ጎንጨት አድርጋችሁ ምላሳችሁ ላይ ትንሽ አቆዩት። እኔ በጣም የምወደው መጨረሻ ላይ ብቅ የሚለውን የቁንዶ በርበሬ ቃና ነው! ድድ ላይ የሚቀረው አፍ የሚሰበስብ ስሜት ታኒን ይባላል፤ ከክትፎ ወይም ቅባት ካለው ጥብስ ጋር ሲሆን ለስለስ ይላል።

ዶሮ ወጥ ካለ ግን ደረቁን (ስኳር የማይሰማበትን) ወይን ተዉትና ጣፋጩን አክሱሚት አቅርቡ። በርበሬ የደረቅ ወይንን ምሬትና የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሰዋል። ነጭ ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በረዶ አትጨምሩበት፣ ያቀጥነዋል።