አዲስ በተከለለ ረግረግ ወፍ ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከብት እንዳይገባበት በቅርቡ የታጠረ አንድ ረግረግ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ወፍ ለማየት እሄዳለሁ። ቦታው ገና አዲስ ስለሆነ ወፎቹ አልለመዱትም። ሌላ ቦታ ቀላል የሚመስል ጥፋት እዚህ ይከብዳል። ደጋግሜ ያየኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ረፍዶ መሄድ ነው። ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ በባጃጅ 5 ሰዓት ላይ ስንደርስ ወፉ ሁሉ ጥላ ይዟል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ እንደ ደሴ አይደለችም፤ ቶሎ ትበረታለች። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወዲያው ውጡ። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን የሚያህል ጊዜ የለም። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው የሚመስለው። ነጭ ጋቢም ቤት ይቅር፣ ከሩቅ ያስታውቃል።

መነጽር ስትገዙ በትልቅ ቁጥር አትታለሉ። 8 በ42 የሚለው ይበቃል። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በጣም የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው፣ መሃል ውሃው ላይ ማፍጠጥ። ዳክዬዎቹ እዚያ ስላሉ ዓይን ይስባሉ። ምግቡ ያለው ግን ዳር ዳሩን፣ ጭቃው ላይ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው መስከረም ገደማ የሚመጡት ባለረጅም ምንቃሮች ትሉን የሚለቅሙት ከዚያ ነው። ቀለማቸው የጭቃ ነው። ጥር ላይ ቁጭ ብዬ ዳሩን ስቃኝ የደረቀ እበት የመሰለኝ ነገር ድንገት ተነሥቶ ሮጠ። አጠገቡም ሦስት ነበሩ።

«የመስቀል ወፍ ሄደ» የምንለውም ስህተት ነው። ክረምት ላይ ወንዱ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ይለብሳል፤ የሚራባበት ወቅት ነዋ። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ኅዳር ላይ ቄጠማው ውስጥ ድንቢጥ ነው ብላችሁ ያለፋችሁት እሱ ሊሆን ይችላል።

ደሴ የለመድነውን ወፍ እዚህ መጠበቅም አለ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የምናየው፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለወፍራም ምንቃር ቁራ ደጋ ወዳድ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭም አይገኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጎጆ ላይ መቅረብ ነው። ረግረግ ዳር ብዙ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይ ነው። እናቲቱ እየጮኸች አናታችሁ ላይ ከዞረች ጎጆዋ አጠገብ ቆማችኋል ማለት ነው። ፎቶ እስክታነሡ እንቁላሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ቁራውም ያያችኋል። በመጣችሁበት ዱካ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። አንድ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ እንቁላል ላሳይዎት?» ብሎኝ ያውቃል። ባልቆጣውም እንቢ አልኩት። «ከዚህ ሆነህ በመነጽር አሳየኝ» ብዬ ሰጠሁት። አሁን ሌሎቹን ልጆች የሚከለክል እሱ ነው። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትም ያው ነው፤ ወፏ ጠላት የመጣባት መስሏት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች።

በመጨረሻ፣ አንድ ቀን ሄዶ «ምንም የለም» ማለት። አዲስ ረግረግ ላይ ቀድመው የሚታዩት ጭቃ ለቃሚዎቹ ናቸው። ተደብቀው የሚኖሩት ቄጠማና ደንገል እስኪያድግ ይጠብቃሉ። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ቁጥር ጻፉ። የኛ ደንገል ዘንድሮ ጉልበት ደርሷል። ባለፈው ቅዳሜ ከውስጡ አንድ ወፍ ሲጮህ ሰማን። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ አልወጣም። ቅዳሜ እንመለሳለን።