አዲስ ለገባችሁ፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ወይስ ቲ-ሞባይል?

እንኳን በሰላም ገባችሁ። አሜሪካ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ "የቱ ሲም ይሻላል?" ነው፣ መልሱ ደግሞ እንደምትጠይቁት ሰው ነው፣ ዘመዳችሁ እሱ የያዘውን ይላችኋል፣ ጓደኛ የራሱን፣ የሱቁ ልጅ ደግሞ የሚሸጠውን። ማንም አልዋሸም፣ እያንዳንዱ የሚኖርበት ሰፈር ላይ የሚሰራለትን ነው የነገራችሁ። ግን ኔትወርክ የሰፈር ጉዳይ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ህንጻ ላይ ፍጥነቱ የሚያስገርም ስልክ ሁለት መንገድ ተሻግራችሁ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ስትገቡ "ሄሎ፣ ይሰማል?" ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቱ ጎበዝ ነው ከማለት የምትተኙበት ክፍል፣ የምትሰሩበት ቦታና በመሃል ያለው መንገድ ላይ የቱ ይሰራል ብላችሁ ራሳችሁ ፈትኑት። አፈታተኑን እነግራችኋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይያዝልኝ፣ ሱቁ ውስጥና ማስታወቂያው ላይ ሃምሳ አይነት ስም ብታዩም በመላ አገሪቱ የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው ትልልቆቹ ሶስት ናቸው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። ስፕሪንት የሚባል አራተኛ ነበረ፣ 2020 ላይ ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋሃደ። ሌሎቹ በአብዛኛው ከነዚህ ኔትወርክ ተከራይተው ወይም የነሱው ንብረት ሆነው ነው የሚሸጡላችሁ። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ ነው፣ ሜትሮና ሚንት የቲ-ሞባይል ናቸው፣ ቪዝብልና ስትሬት ቶክ የቬራይዘን። ይሄን ማወቅ ገንዘብ ያድናል፣ ምክንያቱም ቤታችሁ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የማይገባ ከሆነ ክሪኬት በግማሽ ዋጋ ስላገኛችሁት አይገባም፣ በተቃራኒው ደግሞ ቬራይዘን የሚገባላችሁ ከሆነ ውዱን ዋናውን ሳትይዙ በርካሹ በኩል እዛው የኔትወርክ ምሰሶ ላይ መግባት ትችላላችሁ።

አሁን ከአገር ይዛችሁት ስለመጣችሁት ስልክ። ብዙ ሰው ኔትወርኩን ሲያማርር ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም፣ የስልኩ ነው። ኢትዮጵያ በብዛት የምንጠቀመው 900፣ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነው፣ እዚህ ደግሞ በዋናነት 600፣ 700፣ 850፣ 1700 እና 1900 ነው የሚሰራው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል ብዙዎቹ ሞዴሎች ለዚህ አገር አልተሰሩም፣ ሲም ስትከቱ ኔትወርክ ያሳዩና ቤት ስትገቡ ይጠፋሉ፣ ምክንያቱም ግድግዳ አልፎ የሚገባውን ዝቅተኛውን ሞገድ አያነቡትም። ሌላው ደግሞ ሶስቱም 3ጂን 2022 ላይ ዘግተውታል፣ ስለዚህ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂ በራሱ ነው፣ ቮልቲ ይሉታል፣ ስልካችሁ በነሱ ኔትወርክ ላይ ቮልቲ ካልተፈቀደለት ኢንተርኔት እየሰራ መደወል እምቢ ሊል ይችላል። ኤቲ ኤንድ ቲ በተለይ የሚቀበላቸው ስልኮች ዝርዝር አለው፣ ከዝርዝሩ ውጪ ከሆነ ስልኩ ውድ ሳምሰንግም ቢሆን ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት *#06# ደውሉ፣ የሚመጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ካምፓኒው ዌብሳይት ላይ አስገቡት፣ ይሰራል አይሰራም ይላችኋል። ስልኩ የሚያነባቸውን የሞገድ ቁጥሮች ("ባንድ" ይሏቸዋል) ማየት ለምትችሉ፣ ለቲ-ሞባይል 71 እና 12፣ ለቬራይዘን 13፣ ለኤቲ ኤንድ ቲ 12 እና 14 ካሉት ጥሩ ነው። ካልሰራ ሳትጨነቁ እዚሁ አንሎክድ የሆነ፣ ማለትም ለአንድ ካምፓኒ ያልተቆለፈ፣ ያገለገለ ስልክ ግዙ፣ ግን አሮጌውን አትጣሉት፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ የተሰሩት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ባለ ዲጂታል ሲም ብቻ ነው የሚሰሩት፣ የኢትዮጵያ ሲማችሁን የምታስገቡበት ስልክ መኖር አለበት።

ካርታ ነገር። ሶስቱም ዌብሳይታቸው ላይ አገሩን በሙሉ ቀለም የቀባ ካርታ አላቸው፣ እሱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የቴሌኮም ተቆጣጣሪው የመንግስት መስሪያ ቤት ኤፍሲሲ የራሱ ብሮድባንድ ካርታ አለው፣ አድራሻችሁን አስገብታችሁ ሞባይል የሚለውን ስትነኩ የትኛው ካምፓኒ 4ጂ፣ የትኛው 5ጂ አለኝ እንዳለ ጎን ለጎን ያሳያል። ግን እዚህም ጋ ልብ በሉ፣ 4ጂ አለ ለመባል ማውረጃው (ዳውንሎድ) 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ መጫኛው (አፕሎድ) 1 ከሆነ በቂ ነው፣ እሱም ደጅ ለቆመ ወይም መኪና ውስጥ ላለ ሰው ነው የተሰላው። ቤት ውስጥ፣ በተለይ ቤዝመንት ውስጥ ምን እንደሚሆን ካርታው አይናገርም። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ አብዛኛው ኑሮውን የሚጀምረው ቤዝመንት ተከራይቶ ነው።

ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ነው። ቬራይዘንም ቲ-ሞባይልም በኢሲም የነጻ ሙከራ ሲሰጡ ቆይተዋል፣ አፑን አውርዳችሁ አሁን ያለውን እዩ፣ የሌላቸውን ደግሞ የአንድ ወር ፕሪፔይድ (ቀድሞ የሚከፈልበት) ገዝታችሁ ሞክሩ። ዋይፋይ አጥፉ፣ ይሄ ይረሳል። አልጋችሁ ላይ ተቀመጡ፣ በር ዝጉ፣ ስፒድቴስት የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ አፕ ክፈቱ፣ ሶስት ቁጥር ያመጣል፦ ማውረጃ፣ መጫኛ፣ ፒንግ (መልስ ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ)። ከሱ በፊት ግን የሲግናሉን ጥንካሬ እዩት፣ አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ስር ሲም ስታተስ ላይ አለ፣ አይፎን ላይ ደግሞ *3001#12345#* ደውሉ። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ነው የሚሻለው፣ -85 አካባቢ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ -100 ይሰራል፣ -115 ላይ ካያችሁት ግን እዛ ክፍል ውስጥ ወሬ መሃል ላይ ይቋረጥባችኋል። ያቺ ስልኩ ላይ ያለችው መስመር ሁለት ሶስት ብላ ብትታይም አትመኑዋት፣ ቁጥሩን እመኑ። ይሄን ጠዋት አንዴ ማታ ደግሞ 2 ሰዓት አካባቢ አንዴ አድርጉት፣ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት የሚመጣው ልዩነት ትልቅ ነው። ከዛ ስራ ቦታ፣ ከዛ ባስ ፌርማታው ላይ።

ሶስቱም ቤት ውስጥ ካልገቡ ዋይፋይ ካለ ዋይፋይ ኮሊንግ አብሩት፣ ጥሪና ኤስኤምኤስ በቤቱ ኢንተርኔት ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ከስራ ሲደወልለት እያመለጠው የሚኖረው። ከማብራታችሁ በፊት የያዛችሁት ፕላን የሚደግፈው መሆኑን ጠይቁ።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ በአጠቃላይ አሁን በከተማ ቲ-ሞባይል ነው ፈጣኑ፣ የስፒድቴስት ሪፖርቶችም ላለፉት አመታት በተደጋጋሚ እሱን ነው አንደኛ ያወጡት። ምክንያቱ ከስፕሪንት የወረሰው 2.5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ 2022 ላይ ሲ-ባንድ የሚባለውን ሞገድ መልቀቅ ከመጀመራቸው በፊት እሱ ብዙ ከተማ ላይ ደርሶ ነበር። 5ጂ የሚል ምልክት ግን አያታላችሁ፣ ፈጣኑ 5ጂ ቬራይዘን ላይ "ዩደብሊው"፣ ቲ-ሞባይል ላይ "ዩሲ"፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ "ፕላስ" ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ "5ጂኢ" ካያችሁ ደግሞ እሱ 4ጂ ነው፣ ስሙ ነው እንጂ 5ጂ አይደለም።

ግን እኔ ብትሰሙኝ በፍጥነት ብዙ አትጨነቁ። ለዋትስአፕ ቪዲዮ፣ ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብ 10 ሜጋቢት የማይቋረጥ ከሆነ ከበቂ በላይ ነው፣ 400 የሚል ቁጥር ስልክ ላይ ብዙም የምታውቁት ለውጥ አያመጣም። እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ደግሞ ጥሪው የሚሄደው በደካማው ወገን ልክ ነው፣ እሳቸው ደሴ ሆነው መስመሩ ከተቆራረጠ የናንተ 5ጂ ምንም አያደርግላቸውም፣ ያኔ ቪዲዮውን ዘግታችሁ በድምጽ ብቻ አውሩ። መታየት ያለበት መጫኛው ነው፣ ማለትም ከናንተ የሚወጣው፣ ልጆቹን ስታሳዩዋቸው ምስሉ የሚቀዘቅዘው መጫኛው ከ1 በታች ሲወርድ ነው። ሌላ ደግሞ "አንሊሚትድ ኮል" የሚለው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ ካናዳና ሜክሲኮን ይጨምራል፣ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም፣ 251 ብላችሁ በቀጥታ ከመደወላችሁ በፊት የደቂቃውን ዋጋ ጠይቁ።

ርካሽ ፕላኖች ለምን ረከሱ? ዋናው ምክንያት ቅድሚያ ነው። ምሰሶው ሲጨናነቅ ዋናው ደንበኛ ይቀድማል፣ የርካሹ ይጠብቃል። ምሰሶው ባዶ ሲሆን ልዩነቱን አታውቁትም። ጁላይ 4 ሰሞን በሚደረገው የሐበሾች የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ስታዲየሙ ሞልቶ ሁሉም ላይቭ ሲገባ አስቡት፣ መጀመሪያ የሚቆመው የማን ስልክ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ለአብዛኛው ሰው ይሄ በአመት ጥቂት ቀን ስለሆነ ርካሹ ያዋጣል ባይ ነኝ፣ ኡበር ወይም ዴሊቨሪ የምትሰሩ ከሆነ ግን ኤርፖርት ጋ ወይም ዳውንታውን ተሰልፋችሁ አፑ ሲቆም ገቢያችሁ ነው የሚቆመው፣ እናንተ ቅድሚያ ያለው ፕላን ያዙ። ሁሉም ካምፓኒ ከ2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፕላን ዋጋውን፣ ተጨማሪ ክፍያውንና የተለመደ ፍጥነቱን የሚያሳይ ሰንጠረዥ እንዲያወጣ ግዴታ አለበት፣ እሱን አሳዩኝ በሉ።

ትራክ ለምትነዱ ወይም ለመንዳት ለምትማሩ፣ እዚህ ጋ ሂሳቡ ይገለበጣል። ዋዮሚንግ ኢንተርስቴት 80 ላይ ወይም ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ፈጣኑ ማን እንደሆነ ትርጉም የለውም፣ ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ቬራይዘን በገጠር ስሙ የቆየ ነው፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ በሚሰራው ኔትወርክ ምክንያት ብዙ ሩቅ ቦታ ምሰሶ ጨምሯል፣ ቲ-ሞባይልም በ600 ሜጋኸርዙ ድሮ ከነበረበት በጣም ተሻሽሏል። ርካሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ሮሚንግ የላቸውም፣ ዋናው ደንበኛ የሌላ ትንሽ ካምፓኒ ምሰሶ ላይ ሲሻገር የነሱ ስልክ ዝም ይላል። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ አንዱን በዋናው፣ ሌላውን ኔትወርክ በርካሽ ኢሲም ሁለተኛ አድርጋችሁ ያዙ፣ የጎግል ማፑንም ከመነሳታችሁ በፊት ኦፍላይን አውርዱ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቲ-ሞባይል በስታርሊንክ ሳተላይት ምሰሶ በሌለበት ቴክስት የሚያስልክ አገልግሎት አለው፣ ሰማዩ ክፍት መሆን አለበት፣ ለሌላ ካምፓኒ ደንበኛም ይሸጣሉ። ብቻችሁን በክረምት ለምታሽከረክሩ ልትይዙት የሚገባ ነገር ነው።

አከፋፈሉ ላይ፣ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ገና ካልመጣላችሁ ፕሪፔይድ ላይ አይጠይቁዋችሁም፣ ክሬዲትም (የብድር ታሪክ) አያዩም። በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ደህና ነገር ይገኛል። "ስልኩ ነጻ ነው" የሚለው ማስታወቂያ ግን ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለ36 ወር ቢል ላይ በየወሩ የሚቀነስ ነው፣ መሃል ላይ ከወጣችሁ ቀሪው የስልኩ ዋጋ እናንተ ላይ ይመጣል፣ ገና የት ከተማ እንደምትኖሩ ሳታውቁ ሶስት አመት አትታሰሩ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግስት የጤና መድን ካላችሁ ላይፍላይን የሚባል የመንግስት ድጎማ አለ፣ በወር እስከ 9.25 ዶላር ይቀንሳል።

ስትቀይሩ ቁጥራችሁን አትልቀቁ፣ ባንኩም፣ ስራውም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁም በሱ ነው የሚያገኛችሁ። ከአሮጌው ካምፓኒ አካውንት ነምበርና ትራንስፈር ፒን (የቁጥር ማዛወሪያ ኮድ) ተቀበሉ፣ ለአዲሱ ስጡ፣ አዲሱ ስልክ ላይ ጥሪ እስኪገባ ድረስ አሮጌውን አታሰርዙ፣ ቀድማችሁ ካሰረዛችሁት ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል።