የሌሊት ተረኞቹ ለምን አይከተቡም ነበር?
በሜሪላንድ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በየመስከረሙ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይታወጃል፤ የእኛ ክፍል የሌሊት ተረኞች ግን ከተከታቢዎች ዝርዝር ግርጌ ተነሥተው አያውቁም። አለቆቻችን ቸልተኝነት ነው አሉ፤ እኔም አምኜ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ለጠፍኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

በመጨረሻ ተረኞቹን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። መልሱ አሳፈረኝ። የሠራተኞች ክሊኒክ የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እነርሱ 1 ሰዓት ላይ ተረኝነት ጨርሰው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማድረስ ይሮጣሉ።

ስለዚህ አስፈቅደን ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወደ ክፍሉ ወጣን። ሻይም ይዘናል፤ ሻዩ ሳይረዳን አልቀረም።

የቀረው ፍርሃት ነበር። የአገሬ ሰው የሆኑ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «አምና ተከትቤ እኮ ጉንፋን ጣለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለው ኢንፍሉዌንዛን ሊያስይዝ አይችልም፤ ነገር ግን መከላከያው እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ጉንፋን የሚያስይዙ ሌሎች ቫይረሶችም ሞልተዋል። ይህን አስረዳኋቸው። ክንድ እንደሚያም፣ ትንሽም ሊያተኩስ እንደሚችል አልደበቅኋቸውም። «እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እርሳቸውን አይተው ሌሎቹም ተሰለፉ።

አንድ ወጣት ሐኪም ብቻ እስካሁን እንቢ እንዳለ ነው። ሻዩን ግን ጠጥቷል።