ፍሪዘር የገባ ፊሌቶ የከረመ ዘይት ሲሸት

ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሳ) ከኩሬ ሲወጣ ምንም አይልም። ፊሌቶው (አጥንቱ የወጣለት ሥጋ) ፍሪዘር ገብቶ ትንሽ ሲቆይ ግን ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ ሲቀልጥ ውሃ ያንጠባጥባል፣ መጥበሻ ላይ ሲወጣ የከረመ ዘይት ይሸታል። አምባዛ ስቡ ስለሚበዛ ይብስበታል።

ሁሉም ሰው ፍሪዘሩን ይጠረጥራል። አንድ የማውቀው አርቢ ፍሪዘሩን ሸጦ አዲስ ገዛ፤ ሽታው እንደነበረ ቀጠለ። መጋዘኑን ስናይ መኖው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተከምሮ ቀኑን ሙሉ ይግላል። አብዛኛው የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ነበር። ከትንንሽ መጭመቂያ የሚወጣ ፋጉሎ ብዙ ዘይት ይቀርበታል፣ የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ስለሆነ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ዓሳው ያንን ሲበላ በሰውነቱ ያለው ቫይታሚን ኢ ጉዳቱን ሲከላከል ያልቃል። ተሰንጥቆ ፍሪዘር ሲገባ ስቡን የሚጠብቅለት ነገር አይኖርም፤ ቅዝቃዜ ደግሞ መበላሸቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

መጀመሪያ የሸተተውን መኖ አስወግዱ። «ከአዲሱ ጋር ቀላቅለን እንጨርሰው» የሚባለውን አትስሙ፤ የተበላሸው ዘይት አዲሱንም ያበላሸዋል። ቀን ያልተጻፈበትን፣ አፉ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ጆንያ አትግዙ። እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ገበሬውን እያከሰረ ነው፣ ፊት ለፊት ንገሩት። በጥቂቱ ግዙ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ጥላ ባለው ቦታ አስቀምጡ።

ከዚያ ቫይታሚን ኢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በገበያ በብዛት ያለው አሲቴት የሚባለው ዓይነት ጆንያው ውስጥ መኖውን አይጠብቅም፤ ሥራ የሚጀምረው ዓሳው ሆድ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በተበላሸ መኖ ላይ መነስነስ ገንዘብ መጣል ነው። መኖውን ራሱን ለመጠበቅ ቢኤችቲን የመሰለ አንቲኦክሲዳንት (ዘይት በአየር እንዳይበላሽ የሚከላከል ንጥረ ነገር) ወይም የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ንጥር ያስፈልጋል (ደረቁን ቅጠል ጆንያ ውስጥ መበተን ይህን አይተካም)። ኢቶክሲኩዊን የሚባለውን ሌላ አንቲኦክሲዳንት የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ስላገደው እኔ አልመክረውም። ለቆሮሶ በኪሎ መኖ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ ለጤናው ይበቃዋል፤ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ እንዲቆይ ከተፈለገና መኖው ቅባት ከበዛበት ግን ከፍ ማለት አለበት። ሥጋው ውስጥ የሚጠራቀመው በሳምንታት ነው፣ ስለዚህ ዓሳው ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጀመር ምንም አይጠቅምም። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

መኖው ከሻገተ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ለዓሳም ለላምም አትስጡ፣ ቅበሩት።

የዓሳው ጀርባ ከጎበጠ ቫይታሚን ሲ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ተራው ቫይታሚን ሲ መኖ ሲጋገርና ሲቀመጥ ይጠፋል፤ ፎስፌት የሚባለውን ሙቀት የሚችል ዓይነት ጠይቁ።

የጭቃ ጣዕም ካለው ብዙውን ጊዜ ከመኖው አይደለም፣ ከኩሬው አልጌ ነው። ከመሸጡ በፊት ንጹህ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያለ መኖ አቆዩት።