የቡድሃን መጻሕፍት ለማንበብ ከየት እንጀምር?

የቡድሃን ትምህርት ማንበብ ያማራችሁ ካላችሁ፣ በወፍራሞቹ ጥራዞች አትጀምሩ። በፓሊ ቋንቋ የተጠበቀው ስብስብ ቲፒታካ ይባላል፤ «ሦስቱ ቅርጫቶች» ማለት ነው። አንዱ ቅርጫት የመነኮሳት ሥርዓት ነው፣ አንዱ ደግሞ ረቂቅ ትንታኔ። ጀማሪ እዚያ ከገባ ቶሎ ይሰለቻል።

በዳማፓዳ ጀምሩ፤ በሦስተኛው፣ በስብከቶቹ ቅርጫት ውስጥ ያለ፣ የቡድሃ አባባሎች የተሰበሰቡበት ትንሽ መጽሐፍ ነው። 26 ምዕራፍ፣ 423 አጫጭር ስንኞች፣ በቃ። እኔ ፒያሳ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የማነበው። ልክ ዳዊት እንደሚደገመው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። የመጀመሪያው ስንኝ፣ በክፉ ሐሳብ የሚናገርን ወይም የሚሠራን ሰው መከራ ይከተለዋል ይላል፤ የጋሪ ጎማ የሚጎትተውን በሬ ኮቴ እንደሚከተል። አንድ ቀን ሰልፍ ከሚያቋርጥ ሰው ጋር ልጣላ ስል ያ ጎማ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። አምስተኛዋንም አትዝለሏት፤ ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም ትላለች።

ቀጥሎ ቡድሃ ለአምስቱ ባልንጀሮቹ የሰጠውን የመጀመሪያ ስብከት አንብቡ። አጭር ነው፤ አራቱ እውነቶች፣ ማለትም መከራ፣ የመከራ ምንጭ፣ የመከራ ማብቂያና ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ፣ እዚያው አሉ። የሁለቱም የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ታነባላችሁ። ከቻላችሁ ሁለት ትርጉም ያዙ፤ አንዱ ጋ ግር ያላችሁ ሌላው ጋ ይፈታል።