ቱቦ ካዝና ውስጥ አረር ወደ ቀለሃው ሲሰምጥ፦ የ32-20 መፍትሔ

በዊንቸስተር 1892 ጠመንጃ ቱቦ ካዝና (ጥይቶች አንዱ ከሌላው ኋላ የሚደረደሩበት ቱቦ) የቆዩ፣ በእጅ የተሞሉ የ32-20 ጥይቶች ሲወጡ የአንዳንዶቹ አረር (ተወንጫፊው ጫፍ) ወደ ቀለሃው (ባሩዱን ወደያዘው ቅርፊት) ሰምጧል፤ ሌሎቹ ትከሻቸው አብጦ ወደ መተኮሻ ክፍሉ አይገቡም። ምንጩ አንድ ነው፦ የቀለሃዎቹ ርዝመት መለያየት።

የ32-20 ቀለሃ አንገት ስስ ነው። አረር ማስቀመጥና የቀለሃውን አፍ መቆልመም (አረሩን እንዲይዝ ወደ ውስጥ ማጠፍ) በአንድ ምት ሲሠራ ረጅሙ ቀለሃ ቀድሞ አረሩን ይነክስና ትከሻው ይታጠፋል፤ አጭሩ ሳይቆለመም ያልፋል። ያልተያዘውን አረር የካዝናው ስፕሪንግና የተኩሱ ንዝረት ይገፉታል። አረሩ ሲሰምጥ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። መቶ ዓመት ለሞላው ብረት ይህ ቀልድ አይደለም።

ቀለሃዎቹ ተጨምቀው ወደ ልክ ቅርጻቸው ከተመለሱ በኋላ (ከዚያ በፊት መለካት ከንቱ ድካም ነው) ሁሉም 33.2 ሚሊሜትር ላይ ተቆረጡ፤ ከፍተኛው 33.4 ነው። ለ7.92 ሚሊሜትር አረር ሰፊ የነበረው የአንገት ማስፊያ ዘንግ በ7.87 ተተካ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው ነው፤ አረሩን የሚይዘው አንገቱ እንጂ የአፉ ቁልመማ ብቻ አይደለም። መቆልመሙም ለብቻው፣ በአረሩ ወገብ ጎድጎድ ላይ፣ በሁለተኛ ዙር ተሠራ።

ፍተሻ፦ የጥይቱን ርዝመት በካሊፐር ለክቶ፣ አፍንጫውን እንጨት ላይ በእጅ ጫን አድርጎ እንደገና መለካት። ልዩነት ካለ አልተያዘም። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ከ40.4 ሚሊሜትር አይበልጥ፤ አፍንጫውም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ሹል ከሆነ ከፊቱ ያለውን ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የቂጡን ክፍል) ሊመታ ይችላል። የሰመጡት አይተኮሱም፣ ይፈታሉ።